ክሽክሽ ባል የላትም

ክሽክሽ ባል የላትም። ሽማግሌ አይላክባትም፣ ጥሎሽ አይቆጠርላትም፣ ድግስ አይደገስላትም። ከጎመን ቅጠል ሥር ተለጥፋ ትውልና ሴት ልጅ ትወልዳለች፤ ልጅቱ ደግሞ ገና ሳትወለድ በሆዷ የራሷን ልጆች መያዝ ጀምራለች። አያት፣ እናትና የልጅ ልጅ በአንድ ገላ ውስጥ ማለት ነው። እንቁላል ጥሎ መጠበቅ ብሎ ነገር የለም፤ የሚወለደው እግር ያለው፣ ወዲያው ቅጠሉን ወግቶ መምጠጥ የሚጀምር ፍጡር ነው። ሳምንት፣ ቢበዛ ዐሥር ቀን ሲሞላው እሱም በተራው ይወልዳል። ቅዝቃዜው በማይከፋበት አገር ዓመቱን ሙሉ ወንድ የሚባል ነገር ሳያስፈልጋት እንዲህ ትቀጥላለች። ቅጠሉ ሲጠባት ክንፍ ያላቸው ልጆች ወልዳ ወደ ጎረቤት መደብ ትሰዳለች። ይህን ያነበብኩ ዕለት ለጎመኔ ከማዘን ይልቅ አደነቅኳት። አድናቆቴ የቆየው ክንፍ ያወጡት እስኪመጡብኝ ድረስ ነው።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ጀርባ፣ በአጥሩና በልብስ ማስጫው መካከል፣ የግንባታ ፍርስራሽ ሲጣልበት የኖረ ቁራጭ መሬት አለ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ዘመቻ ተጀምሮ ሰው ሁሉ ስለ ጓሮ አትክልት ማውራት ሲጀምር፣ የብሎካችን ኮሚቴም መሬቱን አስጠርጎ ለየቤቱ አንዳንድ መደብ በዕጣ አከፋፈለ። ለእኛ የደረሰን ከልብስ ማስጫው ሥር ያለው ነው፤ የሰው አንሶላ ሲንጠባጠብ ውኃ የምናገኘው እኛ ነን። ሀበሻ ጎመን፣ ጥቂት ቃሪያ፣ በጥግ በኩል ቲማቲም ተከልን። የበጋው ፀሐይ ሲበረታ ጎመኑ መጀመሪያ ጫፉ ተጨማደደ፤ ቅጠሉን ስገለብጠው አመድ የተነፋበት መስሎኝ በጣቴ ነካሁት። አመዱ ተንቀሳቀሰ።

ወደ ሱቅ ሄድኩ። ዘርና መድኃኒት የሚሸጠው ሰው ‹ምን ላይ ነው የወጣብህ?› እንኳ ሳይለኝ ከትልቅ ጀሪካን ነጣ ያለ ፈሳሽ ቀዳና በባዶ ሃይላንድ ሞልቶ ሰጠኝ። ስም የለበትም፣ ቀን የለበትም፣ አንዲት ፊደል አልተጻፈበትም።

«ስንት በስንት ነው የሚበጠበጠው?» አልኩት።

«አንድ ቆርኪ ለአንድ ባልዲ።»

«ከረጨሁት በኋላ ጎመኑን በስንት ቀኔ ልብላው?»

«አጥበኸው ነዋ!» አለኝ፣ የጠየቅኩት ነገር እያስገረመው።

በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የሚባል ሕግ አለ። መርዝ ሳይመዘገብ፣ ምንነቱና አጠቃቀሙ ሳይለጠፍበት እንዳይሸጥ የወጣ ነው። ሕጉ ከሱቁ ደጃፍ ተራምዶ ከጀሪካኑ አጠገብ አልደረሰም። ባለቤቴ ደግሞ ከአዋጁ ይልቅ ትጠብቃለች። ጠርሙሱን ከበራፍ አላሳለፈችውም። «ልጅ ውኃ መስሎት ቢጠጣውስ? ያውም ሃይላንድ ውስጥ! ስም የሌለው ነገር ቤቴ አይገባም» አለች። ይህን አነጋገሯን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፣ ወደ በኋላ ይጠቅመናል። ጠርሙሱን ይዤ ተመለስኩ፤ ሰውየው ገንዘቡን አልመለሰልኝም፣ መድኃኒቱን ግን ደስ ብሎት ተቀበለኝ።

ያን ዕለት ማታ ደረጃ ላይ አንድ ዓይነት ሸንጎ ተቀመጠ። ኢትዮጵያዊ ሕመም ሲነገረው መድኃኒት ሳያዝዝ እንደማይለይ የታወቀ ነው፤ ለካ ለጎመንም እንዲሁ ነው። የሁለተኛ ፎቁ ሻምበል «ትምባሆ! ሌላ ወሬ አታብዙ» አሉ። የሦስተኛ ፎቋ እማማ አመድ ነው አሉ፤ እናታቸውም አያታቸውም አመድ ነፍተው ነው ጎመን የበሉት። ድሬዳዋ ያደገው ጎረምሳ ኒም አስልክላችኋለሁ አለ። እናቴ በስልክ እንዶድ፣ ካልሆነ ብርብራ አለችኝ። ባለቤቴ ግን የአክስቷ ልጅ የላከችላትን ይዛ ነበር፤ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ ሚጥሚጣ፣ አንድ ሊትር ውኃ። «ሁሉም ከጓዳዬ የሚወጣ ነው፤ የሚበላ ነገር ሰውን አይጎዳም» ስትል ሸንጎው ተስማማ።

የሚበላ ነገር ሰውን አይጎዳም ያለ ሰው ሚጥሚጣ ሲፈላ አላየም።

አሠራሩ አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ ማጥለል ነበር፤ የአክስቷ ልጅ ግን «ከፈላ ይበረታል» ብላ ጨመረችበት። ድስቱ መንፈላፈል ሲጀምር እንፋሎቱ መጀመሪያ ወጥ ቤታችንን፣ ቀጥሎ ሳሎኑን፣ ቀጥሎ ኮሪደሩን ያዘ። የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ ከእንፋሎቱ ጋር ተሳፍሮ ሲወጣ ጉሮሮ ያንቃል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ልጆቹ ሲያስሉ ጎረቤት በሩን ከፍቶ «ምን ሆናችሁ?» አለ፤ ጥያቄውን ሳይጨርስ እሱም ማሳል ጀመረ። ከዚያ በላይኛው ፎቅ፣ ከዚያ በታችኛው። አንዷ «አስለቃሽ ጭስ ነው!» ብላ ስትጮህ ደረጃው በሰው ተሞላ። ሻምበል ከአልጋቸው ተነሥተው በፒጃማ «ተረጋጉ! ፊታችሁን በእርጥብ ጨርቅ! በሥርዓት ውረዱ!» እያሉ ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም። ዘበኛው ዱላውን ይዞ እየሮጠ ወጣና ከእኛ በር ፊት ቆመ። ባለቤቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ ብላ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ «ለጎመን ነው» አለችው።

በማግሥቱ የተዘፈዘፈው በአሮጌ ነጠላ ተጠልሎ መስታወት መጥረጊያ በነበረ መርጫ ጠርሙስ ተሞላ። ነጠላው ዘርዛራ ነበርና መርጫው ሁለት ጊዜ ፊስ ብሎ ተደፈነ። አፍንጫው ላይ የተሰነቀረችውን የሚጥሚጣ ፍሬ በመርፌ ሳወጣ እጄን ነካኝ፤ በእጄ ዓይኔን። ስለ ዓይኔ ማውራት አልፈልግም። ስለ እጅ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ልበል፦ ካፕሳይሲን ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ስብና ዘይት ነው የሚያሟሟው። በቧንቧ ውኃ ብቻ የሚታጠብ ሰው ያዳርሰዋል እንጂ አያስለቅቀውም። እማማ ከሦስተኛ ፎቅ ዘይት ይዘው ወርደው እጄን አሽተው በሳሙና ሲያጥቡልኝ ነው የበረደልኝ፤ ሲያጥቡኝም «አመድ አልኳችሁ፣ እምቢ አላችሁ» ማለታቸውን አላቆሙም።

ክሽክሾቹስ? ክሽክሾቹ ምንም አልሆኑም። ነገሩን ቆይቼ ሳስበው ለምን እንደሆነ ገባኝ። የጎመን ቅጠል ሰም የተቀባ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ሲረጭበት ጠብ ጠብ እያለ ተንከባልሎ ይወርዳል። ጥቂቱ ቢቀር እንኳ ክሽክሽ ቅጠል አታኝክም። ከመርፌ የቀጠነ አፏን ሥጋው ውስጥ ሰክታ ከታች የሚፈሰውን ጣፋጭ ነው የምትመጠው። ከላይ የተቀባው ሚጥሚጣ ምላሷን የሚያገኝበት መንገድ የለም። ቅጠል ገምጦ ለሚያኝክ ትል ያቃጥለው ይሆናል። እሷ ግን ድግሱን ከምድር ቤት ነው የምትበላው። ያን ያህል ሰው ደረጃ ላይ ያስለቀስነው ጎመኑን በመጠኑ ለማጣፈጥ ሆኖ ቀረ።

ሳሙና የገባው እዚህ ላይ ነው፤ የገባውም ሳይታሰብ፣ ለማጣበቂያ ተብሎ ነው። የባለቤቴ የአክስት ልጅ «ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበት፣ ቅጠሉ ላይ ይይዛል» አለች። አንድ የሾርባ ማንኪያ በሊትር ተጨመረ። በዚያው ጠዋት የተረጩት ክሽክሾች ወደ ማታ ቡናማ ሆነው ደርቀው ተገኙ። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ምስጋናው ሁሉ ግን ለሚጥሚጣው ሄደ። እውነቱን ለመናገር የገደለው ሳሙናው ነው። ሳሙና የለስላሳ ነፍሳትን የሰም ልባስ ያቀልጣል፣ የሰውነታቸውን ሽፋን ይበሳል፤ ውስጣቸው ያለው እርጥበት ወጥቶ ይደርቃሉ። የሚሠራው ግን እርጥብ ሆኖ ገላቸውን ሲነካ ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ በላዩ ቢሄዱበት ምንም አይላቸውም። ስለዚህ ቅጠሉን እየገለበጡ፣ ጀርባውን ሳይሆን ሆዱን፣ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ መርጨት ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ መድገም ነው፤ ያመለጠች አንዲት እናት ብቻዋን አገር ታቀናለችና። ሳሙና ግን ሁሉ ሳሙና አይደለም። የአንደኛ ፎቆቹ የልብስ ዱቄት ሳሙና በጥብጠው እኩለ ቀን ላይ ረጩት፤ ክሽክሹም አለቀ፣ ጎመኑም ዳር ዳሩን ነዶ አብሮ አለቀ። አዲስ ነገር ሲሞከር አንድ ቅጠል ላይ ረጭቶ አንድ ቀን ማየት ነበር። በእኛ ብሎክ አንድ ቅጠል ላይ የሚሞክር ትዕግሥተኛ ሰው የለም።

ስለ ሳሙና ከተነሣ እንዶድን አለማንሣት ነውር ነው። እናቴ የላከችልኝ የደረቀ ፍሬ በፌስታል መጣ፤ ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ይገባና ያስነጥሳል፣ ውኃ ሲነካው አረፋው ይነሣል። አያቶቻችን ሸማቸውን ያነጹት በዚህ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ስንት ሺህ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር ልብሱን አጥቦ ልብሱ መንጻቱን ብቻ አይቶ ሄዷል! እሳቸው ዓይናቸውን ከልብሱ ላይ አንሥተው ወደ ታች፣ ወደ ወራጁ አዩ። ከዚያ የወጣው ሥራ እሳቸውንና የሥራ ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አሸለማቸው። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሽልማቱ ሳይሆን ያ ወደ ታች ማየት ነው።

እኔም እንዶዱን በጥብጬ ጎመኔን በሚበሉት ቀንድ አውጣዎች ላይ ልሞክረው ተነሣሁ። ሻምበል አስቆሙኝ። የእጣቢው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። የብሎካችን ቦይ ወደ ወንዙ ነው የሚወርደው፤ እንዶድ ደግሞ ቀንድ አውጣ ብቻ ለይቶ አይገድልም፣ ዓሣም ይገድላል። «ዓሣ?» አልኳቸው፤ «በዚያ ወንዝ ውስጥ ዓሣ ካለ ሻምበል፣ እንዶድ የሚገድለው አይመስለኝም።» እንዲያም ሆኖ ልክ ነበሩ። ቀንድ አውጣውን በባትሪ እየፈለግን ማታ ማታ በእጅ ለቀምነው፤ ልጆቹ ከየትኛውም ጨዋታ አስበልጠው ወደዱት።

ብርብራውን ግን ፌስታሉን ሳልፈታ አስቀመጥኩት። የብርብራ ፍሬ ጣና አካባቢ ዓሣ ለማደንዘዝ ሲያገለግል የኖረ ነው። በውስጡ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ይኸው ሮቴኖን ከሌሎች ዕፅዋት እየተቀመመ ‹ተፈጥሯዊ ነው› ተብሎ ለብዙ ዓመት በዓለም ገበያ ለአትክልት ሲሸጥ ቆይቶ፣ ኋላ ጉዳቱ እየታየ ሲሄድ ከአውሮፓ ገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። እናቴ ደውላ «ብርብራውን ምን አደረግከው?» ስትለኝ «ለክፉ ቀን አኖርኩት» አልኳት። የመጣው ክፉ ቀን ግን ብርብራ የሚያስፈልገው አልነበረም።

አንድ እሑድ የባለቤቴ ወንድም መጣ። ፀሐይ ነበር፣ ከታክሲ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ነው የወጣው። ቤቱ የእህቱ ቤት ነውና ማንንም ሳይጠይቅ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ባለቤቴ ቀሪው ቅመም እንዳይሸትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታው ነበር፤ በምን? በሃይላንድ። ስም? አልተጻፈበትም። ልጁ ጠርሙሱን አንሥቶ አንገቱን ቀና አድርጎ በአንድ ትንፋሽ ግማሽ አደረሰው።

ከዚያ ቆመ። መጀመሪያ ምንም አላለም። ጆሮው ቀላ። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ከፈተ፤ ትንሽ አረፋ ወጣ።

«እታለም» አለ በስተመጨረሻ፣ በማላውቀው ድምፅ፣ «ምንድን ነው ያጠጣሽኝ?»

«አንተ ነህ የጠጣኸው! ማን ጠጣ አለህ?» ብላ ጮኸችበት፤ ወዲያው ደግሞ «ወይኔ ወንድሜን!» ብላ ደረቷን መታች። ወተት አጠጣነው። እርጎ አጠጣነው። እማማ ሰምተው ተልባ ይዘው ወረዱ። ሻምበል ምን ምን እንደገባበት ዝርዝሩን በወረቀት እንድንጽፍላቸው ጠየቁ፤ ለሐኪም ያስፈልጋል ብለው። ጻፍንላቸው፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ ውኃ፣ ፈሳሽ ሳሙና። ሻምበል ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «ይህ እኮ ከሳሙናው በስተቀር ክትፎ ነው» አሉ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲያስገሣ ዋለ፤ ሽታው ከእሱ ጋር ታክሲ ተሳፍሮ ሄደ። እኔ ስለ ሱቁ ሰውዬና ስለ ሃይላንዱ ምንም አላነሣሁም። በትዳር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ዝም ማለት ከሚጥሚጣ በላይ ይለበልባል፤ ባለቤቴ ዝምታዬን አይታ በዚያው ማታ ነጭ ፕላስተር ገዝታ በቤቱ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ፣ ዘይቱንም ኮምጣጤውንም ሳይቀር፣ ስም ለጠፈችበት።

የሻምበል ትምባሆ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እሳቸው ከማንም ጋር ሳይመክሩ የትምባሆ ቅጠል በብረት ድስት አፍልተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በባዶ እጃቸው ጨመቁት። ብዙም ሳይቆዩ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ አቅለሸለሻቸው። ኒኮቲን ቆዳ ሰርጎ የሚገባ መርዝ ነው፤ ለነፍሳት መግደያ ሆኖ የኖረው ለዚህ ጉልበቱ ነው፤ ጉልበቱ ግን ነፍሳትን ከሻምበል አይለይም። በሳሙና አጥበን ልብሳቸውን አስቀይረን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ደግነቱ ቶሎ ተሻላቸው። ተሽሏቸው ሲመለሱ ያሉት ነገር «ጥምርታው ነው የተሳሳተው» ነበር። ትምባሆ ሌላም ጣጣ አለው፤ የትምባሆ ቅጠል ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ወደ ቲማቲምና ወደ ቃሪያ ይዛመታል፣ ዝምድናቸው ቅርብ ነውና። ሲጋራ የነካ እጅ ሳይታጠብ ቲማቲም መነካካት የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው። ይህን ስነግራቸው ሻምበል ሲጋራቸውን እያዩ «እኔ ቲማቲም አልወድም» ብለው ዘጉት።

የጤና አዳሙ ታሪክ አጭር ነው። አንዲት ጎረቤታችን ሽታው ነፍሳት ያባርራል ብላ እጅ ሙሉ ቅጠል ደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ በባዶ ክንዷ ወቀጠችው። በማግሥቱ ክንዷ ላይ እሳት የነካው ያህል ውኃ የቋጠረ እብጠት ወጣ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ቡና ላይ የሚጣለው ቅርንጫፍ ማንንም አይነካም፣ ተወቅጦ ክንድ ላይ የፈሰሰው ነው ጠላት። የሚያስቀው ግን ይህ ነው፦ ነፍሳት ያባርራል በተባለው በዚያው ጤና አዳም ላይ አንድ ወፍራም አረንጓዴ አባ ጨጓሬ ቁጭ ብሎ ቅጠሉን በደስታ ሲበላ አገኘነው። የሎሚ ዛፍ ላይም የሚገኝ፣ አድጎ ጥቁርና ቢጫ ውብ ቢራቢሮ የሚሆን ዘር ነው። ምሳው እሱ ነው።

የድሬዳዋው ጎረምሳ ቃሉን ጠብቆ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የኒም ፍሬና ቅጠል በአውቶቡስ አስመጣ። ከሁሉ ያከበርኩት ይህን ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ሱዳን ላይ የአንበጣ መንጋ አገሩን ሲያራቁት፣ ሄይንሪሽ ሽሙተረር የሚባል ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ የኒም ዛፎች ብቻ አረንጓዴ እንደሆኑ መቅረታቸውን አየ፤ የዛፉ ምርምር በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሕንዶች ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ጉልበቱ ከቅጠሉ ይልቅ ፍሬው ውስጥ ነው፤ የተወቀጠ ፍሬ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አድሮ ይጠለላል፣ ትንሽ ሳሙና ይገባበታል፣ ማታ ይረጫል፤ ፀሐይ ታመክነዋለችና። አይገድልም፣ ወይም ወዲያው አይገድልም። አዛዲራክቲን የሚባለው ንጥረ ነገሩ የነፍሳቱን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ልጆቹም ቆዳቸውን ቀይረው እንዳያድጉ ያደርጋል። ይህ ለብሎካችን ጠባይ አልተስማማም። በማግሥቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ወርዶ ቅጠል ገልብጦ «አሉ እኮ! ይንቀሳቀሳሉ እኮ!» አለ። ጎረምሳው «ጠብቁ፣ መብላት ትተዋል» ቢልም ማን ይስማው። ክሽክሽ መብላቷን መተዋን በምን አይተን እንመን?

በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል እውነተኛውን ነገር ያየችው የእማማ የልጅ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከመሬት ሩቅ አይደለችም። «እዩ፣ ይበላቸዋል!» ብላ ጮኸች። ሄደን አየን። ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ትንሽ አዞ የሚመስል ትል ከክሽክሽ ወደ ክሽክሽ እየተራመደ ይውጣል። እማማ ያን ትል ስንት ቀን ‹ይኸኛውስ ባሰ› እያሉ በጫማቸው ሲጨፈልቁት ከርመዋል። ልጆች እጃቸው ላይ አድርገው ‹ብረሪ› የሚሏት ቀይዋ፣ ጥቁር ነጠብጣቧ ጥንዚዛ ልጇ ይህ ነው፤ መልኩ እናቱን አይመስልም እንጂ እሱም እንደ እሷ ክሽክሽ ይበላል። ጥቂት ክሽክሾች ደግሞ አብጠው፣ የወርቅ ቡኒ ሆነው፣ ቅጠሉ ላይ ደርቀው ተጣብቀዋል፤ በውስጣቸው የጥቃቅን ተርብ ልጅ አለ፣ ከውስጥ በልቶ ጨርሶ በጀርባቸው ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። እኛ ሳሙናና ነጭ ሽንኩርት ስናርከፈክፍ እነዚህንም አብረን ነው ያጠብናቸው። ወዳጅና ጠላት የሚለይ የቤት ቅመም የለም።

እማማም ቢሆኑ አመዳቸው ዋጋ አገኘ፤ እሳቸው ባሰቡት ምክንያት ባይሆንም። ጎመኑ ግንድ ላይ ጥቃቅን ጉንዳኖች ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። ክሽክሽ የምታሾልከውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳሉ፤ በምላሹ ይጠብቋታል፣ ጥንዚዛዋን እየነከሱ ያባርሩላታል። ግንዱ ዙሪያ የተነሰነሰው ደረቅ አመድ ላይ መራመድ ስለማይመቻቸው ዘበኞቹ ቀነሱ፣ ጥንዚዛዋም ተመቻት። ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ነው ታዲያ፤ እርጥብ አመድ ማንንም አያግድም፣ ሲበዛም አፈሩን ያበላሻል።

ነጭ ሽንኩርት በተወደደበት በዚያ ሰሞን ለአንድ እስር ጎመን የወጣውን ወጪ ባለቤቴ አስልታው ነበር። ከጉሊት ጎመን ገዝተን፣ የእኛን ለክሽክሽ መርቀን ብንተወው እናተርፍ ነበር። ስሌቱን ለኮሚቴው ስትነግራቸው ማንም መስማት አልፈለገም።

የበልግ ዝናብ መጣ። ሁለት ከባድ ዶፍ ከበረዶ ጋር ወርዶ ክሽክሾቹን ከቅጠሉ እየጠራረገ መሬት ላይ ዘረራቸው፤ ለስላሳ ገላቸው ይህን አይችልም፣ አንዴ ከወደቁ ተመልሰው የሚወጡት ጥቂቶች ናቸው። ጎመኑ በሳምንት ውስጥ አዲስ ቅጠል አወጣ። የኮሚቴው ስብሰባ ሲጠራ ግን ዝናብን በስም ያነሣ የለም። እማማ አመዱ ነው አሉ። ጎረምሳው ኒሙ ጊዜውን ጠብቆ ሠራ አለ። ሻምበል የትምባሆው ሽታ ግቢው ውስጥ በመቅረቱ መሆኑን በዝርዝር አስረዱ። ባለቤቴ ሚጥሚጣዬ ነው አለች። ክርክሩ ገና ሳያልቅ ስልኳ ጮኸ፤ ወንድሟ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ አስደመጠችን።

«እታለም፣ ያቺ የጠጣኋት ነገር አለች? ከዚያን ቀን ወዲህ ጨጓራዬ ጤና ሆኗል፣ አትዪኝም! አንድ ሃይላንድ ሙሉ ብትልኪልኝ...»

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችን።

«ባለ ሳሙናውን ነው ወይስ ሳሙና የሌለበትን?» አለችው።